«እሳት ካየው ምን ለየው» ለአረቄ አይሠራም



በራማት ኤሽኮል ከጥቂት ወራት ወዲህ በየፎቁ ደረጃ፣ በየማኮሌቱ በርና ሰው ከምኩራብ ሲወጣ የሚሰማ አንድ ክርክር አለ። አረቄ በምን እሳት ይውጣ የሚል ነው። አንዱ፣ የጋዝ እሳት እንደፈለጉ ከፍና ዝቅ ስለሚያደርጉት እሱን የመሰለ የለም ይላል። ሌላው፣ ኤሌክትሪክ ነበልባል የለውም፣ ነበልባል ከሌለው ምን ያቀጣጥለዋል ብሎ ይሟገታል። የሰንበት ፕላታ ላይ ጥዶ ሌሊቱን ሙሉ መተው ነው የሚልም አልጠፋም። አረጋውያኑ ደግሞ ሁሉንም ከሰሙ በኋላ «እሳት ካየው ምን ለየው» ብለው ነገሩን ይዘጉታል።

እኔ በዚህ ክርክር የማንም ወገን አይደለሁም። ክርክሩ ከመነሻው ተሳስቷል ባይ ነኝ። በፎቅ ቤት፣ በተዘጋ ኩሽና ውስጥ ለአረቄ የሚሆን እሳት የለም፤ ጋዙም አይሆንም፣ ኤሌክትሪኩም አይሆንም፣ ፕላታውም አይሆንም። ይህን በግልጽ መናገር ያለብን እኛው ነን፤ ሌላ ሰው ሲናገረው ስድብ ይመስላል። ነገር ግን «አይሆንም» ብሎ ብቻ ዝም ማለት ነውር ነው። እናቶቻችን አረቄ የሚያወጡት የቤት ኪራይ ለመሙላት፣ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ለቀረ ልጅና ወንድም ገንዘብ ለመላክ፣ ለሠርግና ለተዝካር እንግዳ ፊት ባዶ እጅ ላለመቅረብ ነው። ስለዚህ በሁለቱም በኩል ያለኝን እናገራለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሙያው። አረቄ ማውጣት ምን ያህል ሙያ እንደሆነ እዚህ አገር የተወለዱ ልጆቻችን አያውቁም። (ለእነሱ ሲባል ይህ ጽሑፍ በዕብራይስጡ ገጽ በኩል አጠር ብሎ ቀርቧል።) ጌሾው ይወቀጣል፣ ብቅሉ ይፈጫል፣ ኪታው ይጋገራል፣ ድፍድፉ በጋን ውስጥ ቀን ተቆጥሮለት ይብላላል። ከዚያ በሸክላ ዕቃ ተደርጎ በጉልቻ ላይ ይጣዳል። አፉ ይከደናል፤ ከክዳኑ የሚነሳ ሸምበቆ በሌላው ጫፉ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠ ዕቃ ይገባል፤ መገጣጠሚያው ሁሉ በሊጥ ወይም በጭቃ ይመረጋል። ድፍድፉ ሲፈላ የሚነሳው እንፋሎት በሸምበቆው አልፎ ይቀዘቅዝና አረቄ ሆኖ ይንጠባጠባል። የመጀመሪያው ተራ ይባላል፤ ተመልሶ ተጥዶ ሁለተኛ የወጣው ደግሞ ዳግም ነው፤ ዳግሙ ከመቶ እጅ ወደ 45 እጅ አልኮል ሊደርስ ይችላል።

የዚህ ሙያ እምብርት እሳቱ ነው። አልኮል በ78 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ውሃ በ100። አረቄ አውጪዋ የምትሠራው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። እሳቱ ከበዛ ድፍድፉ ይገነፍልና ሸምበቆው ውስጥ ይገባል፤ ውሃውም ተከትሎ ይወጣና አረቄው ይቀጥናል፤ ሥሩ ካረረ ደግሞ የአረረው ጠረን እስከ መጨረሻው አይለቅም። እሳቱ ካነሰ ጠብታው ይቆማል። ስለዚህ እንጨቱን ትስባለች፣ ትመልሳለች፣ ነበልባሉን አብርዳ በፍም ታቆየዋለች፤ የጠብታውን ድምፅ ሰምታ የእሳቱን ልክ ታውቃለች። ይህን ከእናቷ ጎን ተቀምጣ በብዙ ዓመት የተማረችው ነው፤ ማንበብና መጻፍ ስለማትችል ብቻ «ያልተማረች» ብሎ በቅጽ ላይ የሚሞላ ሰው ሲያጋጥመኝ ያናድደኛል።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ዕውቀት የተሠራው ለግቢ ነው። በጎንደር ገጠር ማዕድ ቤቱ ብዙ ጊዜ ከመኝታው ይለያል፤ ግድግዳው ጭስ ያሳልፋል፤ አንዳንዴም ጉልቻው ከናካቴው ደጅ ነው። ከምርጉ በኩል ትንሽ እንፋሎት ቢያመልጥ ነፋስ ይዞት ይሄዳል። እንጨቱም ቢሆን ገነት አልነበረም። ጭሱ ዓይን ያጠፋል፣ ሸክሙ ወገብ ይሰብራል፤ አረቄ ስንት ማገዶ እንደሚበላ የለቀመው ያውቃል። አዲስ አበባ የቆያችሁም ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ተሸክመው ጎንበስ ብለው የሚወርዱትን ሴቶች አይታችኋል። ጎጆው የተቃጠለበትም ሰው ነበረ። ግን እዚያ እሳት ሲነሳ ሰው በሁለት እርምጃ ሜዳ ላይ ነው። እዚህ ሜዳው ከሦስት ፎቅ በታች ነው፤ በደረጃው ላይም የስምንት ቤት ሕፃናት አሉ።

ለመሆኑ አረቄ ሲወጣ የሚቃጠለው ምኑ ነው? ብዙዎች ድፍድፉ ይመስላቸዋል። ድፍድፉ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ አይቀጣጠልም። የሚቀጣጠለው እንፋሎቱና ወጥቶ የተጠራቀመው አረቄ ነው። የአልኮል ትነት ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ ስለዚህ እንደ ጭስ ወደ ጣሪያ አይወጣም፣ እንደ ውሃ ወደ ወለሉ ይወርዳል፣ በጠረጴዛውና በፍሪጁ ሥር ይተኛል። ዓይን አያየውም። 40 እጅ አልኮል ያለው አረቄ ደግሞ ገና 26 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ በላዩ ላይ የሚቀጣጠል ትነት ይፈጥራል። ሐምሌ ላይ የአሽቀሎን ኩሽና ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ እኔ ልንገራችሁ አያስፈልግም።

እንግዲህ ይህን ይዘን ጋዙን እንየው። በኪራዪም ላይ የተጣደ ዕቃ ምርጉ ከላይ ነው፤ ሲሞቅ ሊጡ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የወጣው ትነት ወደ ታች ይወርዳል። ታች የሚጠብቀው ነበልባሉ ነው። በጉልቻም ላይ ነገሩ እንዲሁ ነበር፤ ልዩነቱ እዚያ በመካከል ነፋስ መኖሩ ነው። ሁለተኛው ችግር ድፍድፉ ሲገነፍል ነው። ገንፍሎ እሳቱን ያጠፋዋል፣ ጋዙ ግን መፍሰሱን ይቀጥላል፤ አዳዲሶቹ ምድጃዎች እሳቱ ሲጠፋ ጋዙን ይቆልፋሉ፣ ከሁለተኛ እጅ ሱቅ የሚገዙት አሮጌዎቹ ግን አብዛኞቹ ይህ የላቸውም። የባሎን ጋዝም እንደ አልኮል ትነት ከአየር የሚከብድ ነው። ሁለቱ በአንድ ወለል ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ሦስተኛውን ደግሞ እናቶች ራሳቸው በሚገባ ያውቁታል። ሸክላ በእንጨት ሲጣድ ሙቀቱ ዙሪያውን ይዳረስለታል፤ የጋዝ ቀለበት ግን ሙቀቱን አንድ ቦታ ላይ ስለሚያተኩርበት ሸክላው ይሰነጠቃል። ይህ ሲሆን ወደ ብረት ድስት ይሄዳሉ። ከብረት ድስቱም አልፈው ክዳኑ የሚቆለፈውን የግፊት ድስት የሚመርጡ አሉ፤ መተንፈሻው ላይ ቱቦ ይሰኩበታል። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ድፍድፍ ወፍራም ነው፤ የጌሾ ቅጠልና የኪታ ፍርፋሪ አለበት፤ ያ ቀጭን ቀዳዳ በአንድ ፍርፋሪ ይዘጋል። የተዘጋ የግፊት ድስት በእሳት ላይ ምን እንደሆነ ለአሽቀሎን ሰው ማስረዳት ያስፍራል።

ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ። «ነበልባል የለውም» የሚሉን ወጣቶቻችን ናቸው፤ ከእናቶቻቸው የበለጠ የሚያውቁ ስለሚመስላቸውም ቃላቸው ይታመናል። ነበልባል እንደሌለው እውነት ነው። ነገር ግን የአልኮል ትነት ለመቀጣጠል የግድ ነበልባል አይፈልግም፤ ከ360 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ያለ ነገር ሲነካ በራሱ ይነዳል። ቀልቶ የሚታይ የምድጃ ሽቦ ከ500 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ ያ ቀይ ሽቦ ክብሪት ነው፤ ያውም የማይጠፋ ክብሪት። ከዚህም ሌላ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው መሣሪያ ቀጭ ቀጭ እያለ ሲበራና ሲጠፋ በውስጡ ብልጭታ አለ። ፍሪጁም እንዲሁ።

የቤቱ ሽቦስ? በሰፈራችን ያሉት ብዙ ሕንፃዎች አሮጌ ናቸው። አንድ ተራ ሶኬት 16 አምፔር ይችላል፤ በ230 ቮልት ሲሰላ 3,600 ዋት ገደማ ማለት ነው። የእንጀራው ምጣድ ብቻውን የዚህን ትልቁን ክፍል ይወስዳል። በክረምት ማሞቂያውና የውሃው ዱድ ሲጨመሩ፣ ከዚያ ላይ ደግሞ ለብዙ ሰዓት የሚሠራ ምድጃ በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ሲሰካ ገመዱ ከምንጣፉ ሥር ይግላል። አረቄው ደህና ወጥቶ ቤቱ በገመዱ ምክንያት ሊቃጠል ይችላል።

ስለ ፕላታው ብዙ አልልም። ፕላታ የበሰለ ምግብ ሞቆ እንዲቆይ የተሠራ ነው፤ ከፍ ዝቅ የሚያደርጉበት ነገር የለውም። ድፍድፍ ቢጣድበት ወይ አይፈላም፣ ወይ ደግሞ ሰው ተኝቶ እያለ ቀስ በቀስ ይፈላል፤ አሳሳቢው ሁለተኛው ነው። በማግኔት የሚሠራውን አዲሱን ምድጃ ገዝተው «አይሞቅም» ብለው የመለሱ ደግሞ አሉ። እሱ ማግኔት የሚይዘውን ብረት እንጂ ሸክላንና አሉሚኒየምን አያሞቅም፤ የተበላሸ ዕቃ ተሸጠልን ብላችሁ ከባለሱቁ ጋር አትጣሉ። በሰገነት ላይ በከሰል የሚያወጡትም በሩን ዘግተው ከሰሉን ወደ ውስጥ ሲያስገቡት የከሰል ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ሰው ይገድላል፤ ለቡናው ከሰልም ነገሩ ያው ነው።

አሁን ከዚህ ሁሉ በላይ የሆነውን፣ ሌላ ከተማ የሚኖር ዘመድ ሊመክረን የማይችለውን ልናገር። አረቄ ሰዓታት ይወስዳል፣ በእነዚያ ሰዓታት ሁሉ የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል። አሽቀሎን ውስጥ ሲረን ሲጮህ ያለን ጊዜ 30 ሰከንድ ነው። በሜይ 2021 የነበርን እናስታውሳለን፤ ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላ የሆነውን ደግሞ አዲስ የመጡትም ሁሉ አይተውታል። ማማድ የሌለው የአሮጌ ሕንፃ ነዋሪ ልጅ አቅፎ ወደ ሚክላት ይሮጣል። በ30 ሰከንድ ውስጥ ሦስት ልጆች ሰብስባ፣ አያታቸውን ደግፋ የምትወርድ እናት ጋዙን ዘግቼ ነበር ወይ ብላ አታስብም። ብታስብም መመለስ የለባትም። ሚክላቱ ውስጥ ተቀምጠን ከላያችን የሚቃጠለው የራሳችን ኩሽና ቢሆን፣ በዚያች ቅጽበት ደረጃውን ማን ይወጣል?

ባለፈው ክረምት ስለ ልጇ ትምህርት ለመነጋገር አንዲት እናት ቤት ሄጄ ነበር። የትኛው ሕንፃ እንደሆነ አልናገርም። በሩን ስትከፍት ገና ጠረኑን አወቅሁት። የኩሽናው መስኮት ተዘግቷል፣ መዝጊያውም ወርዷል፤ በኩሽናው በር ሥር ርጥብ ፎጣ ተወትፏል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ጠረኑ ለጎረቤት እንዳይወጣ ነው፣ ልጄ፤ ፖሊስ ቢጠሩብኝስ?» አለችኝ። ከዚያም «በእንጨት ሠላሳ ዓመት አውጥቻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ እሳት ነክቶኝ አያውቅም» አለች። እውነቷን ነው፤ አልተጠራጠርኳትም። አብረን እሳቱን አጥፍተን መስኮቱን ከፈትን።

ያ ፎጣ ከአእምሮዬ አልወጣም። ትነቱ ወለል ላይ የሚተኛ ነው ብያችኋለሁ፤ ፎጣው ደግሞ ወለሉ ላይ ያለችውን የመጨረሻዋን መውጫ ይደፍናል። ስለዚህ ስለ ጋዝና ስለ ኤሌክትሪክ ስንከራከር ዋናውን ነገር እያየነው አናየውም። ዋናው አደጋ የተዘጋው መስኮት ነው። መስኮቱን የሚዘጋው ፍርሃት ነው። በእስራኤል ሕግ ያለ ፈቃድ አልኮል ማጣራት የተከለከለ ነው፤ ይህን ስለምታውቅ ትደበቃለች፤ ስለምትደበቅ ሥራው ሁሉ ሊሠራ ከሚችልበት በከፋው መንገድ ይሠራል። ሌሊት፣ ብቻዋን፣ ልጆች አጠገቧ ተኝተው፣ መስኮቱ ተዘግቶ።

እዚህ ላይ ወደ መሥሪያ ቤቶቻችን ዞር ማለት አለብኝ። የማኅበራዊ ሠራተኛነትን ትምህርት የተማርኩት እዚሁ አገር ነው፤ የሥራ ባልደረቦቼንም አከብራለሁ። ነገር ግን በስብሰባ ላይ የአረቄ ነገር ሲነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «ስንት ይጠጣሉ?» የሚል ነው። ስንት ያተርፋሉ ብሎ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። ያቺ እናት አትጠጣም፤ ትሸጣለች። በቀን ሥራ ከምታገኘው ላይ ለሰንበትና ለበዓል ማለፊያ የምትጨምረው ከእርሷ ነው። (በየቤቱ ስላለው ጠጪ፣ ስለሚያደርሰውም ጉዳት ብዙ የምለው አለኝ፤ ለሌላ ጊዜ ይቆይልኝ።) በአማርኛ ተተርጉመው የሚታደሉ የእሳት አደጋ ወረቀቶችም አይቻለሁ። የሲጋራ፣ የማሞቂያ፣ የሐኑካ ሻማ ሥዕል አለባቸው። የድፍድፍ ዕቃ ሥዕል ያለበት አንድም አላየሁም። አንድ ኃላፊ ይህን ስጠይቀው «ሕገ ወጥ ነገር እንዴት በጥንቃቄ እንደሚሠራ ማስተማር አንችልም» አለኝ። መልሱ ለመዝገብ ቤት ደህና መልስ ነው። በዚያ ደረጃ ላይ ለሚኖሩት ስምንት ቤተሰቦች ግን መልስ አይደለም።

«መርዝ ነው» የሚሉም አሉ። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በኢስታንቡልና በአንካራ ብዙ ሰዎች በተበከለ መጠጥ መሞታቸውን ሰምተው ነው። እዚያ የገደለው ለፋብሪካ ሥራ የሚውል ሜታኖል ተቀላቅሎበት ነው፤ የእናቶቻችንን የእህል ድፍድፍ ከዚያ ጋር አንድ ማድረግ ፍትሕ አይደለም። በሌላ በኩል ግን ያልተመረመረን ጠርሙስ ደህና ነው ብሎ መማልም አይቻልም። የሚመረመረው ደግሞ ከተደበቀበት ሲወጣ ነው።

መውጣት ይቻላል ወይ? ሌሎች ወጥተዋል። በቴል አቪቭ «ወተትና ማር» የሚባለው ማጣሪያ ውስኪ እየሠራ ለውጭ አገር ይሸጣል፤ በጎላን ከተማ በካጽሪንም እንዲሁ አለ። ፈቃድ አላቸው፤ ጎብኚ ገንዘብ ከፍሎ ገብቶ እንዴት እንደሚጣራ ያያል፣ ቀምሶ ይወጣል፣ ጋዜጣም ይጽፍላቸዋል። በዚችው በከተማችን የካርልስበርግ ቢራ ይጠመቃል። አሽቀሎን በቢዛንታይን ዘመን ወይኗን በመርከብ ወደ ሌሎች አገሮች ትልክ እንደነበረም ታሪክ ይናገራል። መጠጥ መሥራት ለዚህ ቦታ አዲስም ነውርም አይደለም። ገብስ አብላልቶ ማጣራት ውስኪ ሲባል የሚጨበጨብለት፣ አረቄ ሲባል ፖሊስ የሚጠራበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ አንዱ አዳራሽና ወረቀት አለው፣ ሌላው ኩሽናና ፎጣ።

እነዚያ ማጣሪያዎች እሳቱን እንዴት አድርገው እንደፈቱት ማወቅ ይጠቅመናል። በብዙዎቹ ዘንድ ነበልባሉ አረቄው ካለበት ክፍል ውስጥ የለም። ውሃ የሚፈላበት ማሞቂያ በሌላ ክፍል ይቀመጣል፤ የውሃው እንፋሎት በቧንቧ መጥቶ ድርብ ግድግዳ ባለው ትልቅ ድስት ዙሪያ ይዞራል፤ ድስቱን የሚያሞቀው እሱ ነው። ሥሩ አያርም፣ ቀልቶ የሚግል ነገር የለም፣ ሙቀቱም በአንድ ቁልፍ ከፍና ዝቅ ይላል። አየሩን ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያ ቀን ከሌሊት ይሠራል። የኤሌክትሪኩም ነገር ብልጭታው ወደ ክፍሉ እንዳይወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው። ይህ በልቅም ቋንቋ ሲነገር ያው እናቶቻችን በግቢ ያደርጉት የነበረው ነው፤ ለስላሳ እሳትና ብዙ ነፋስ። በሦስተኛ ፎቅ ኩሽና ውስጥ ሊሠራ የማይችለው ይኸው ሁለቱ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን ይህን አጀንዳ እንዲይዝ እጠይቃለሁ። በኢንዱስትሪ ክልሉ አንድ አነስተኛ አዳራሽ፣ አንድ በእንፋሎት የሚሠራ ድስት፣ አንድ ፈቃድ፤ ሴቶቹ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው በየተራ የሚያወጡበት። የማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ፣ የእሳት አደጋ ምርመራ፣ ጤና ጥበቃ፣ ግብር፣ ካሽሩት፤ መንገዱ ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። በ2013 የአልኮል ግብር አሠራር ከተለወጠ ወዲህ ርካሽ መጠጥ እየተወደደ ስለመጣ ትርፉ እንደምናስበው ላይሆን እንደሚችልም አውቃለሁ። ነገር ግን በ1984ና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በ1991 በአንድ ቀን ተኩል፣ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በ«ጹር እስራኤል» የመጣን ሕዝብ ነን። ሦስቱም ጊዜ ሴቶቻችን ሲመጡ የተሰጣቸው ሥራ ወለል መወልወል ነው። አንዲት ሴት እዚህ ከመድረሷ በፊት የምታውቀውን ሙያ ቆጥሮ የመዘገበ መሥሪያ ቤት ቢኖር ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር።

«ባህላችን ነው፣ አትንኩብን» የሚሉኝ ሽማግሌዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አከብራቸዋለሁ። ግን አባቶቼ ሆይ፣ እናንተ የምትጠጡት ሳሎን ተቀምጣችሁ ነው፤ እሳቱ ፊት የምትቆመው እርሷ ናት። ለሠርጉ ጠላ ይበቃል ብላችሁ ብትወስኑ ከእናንተ የሚቀር ነገር የለም። ጠላ ይጠመቃል እንጂ አይጣራም፤ እንፋሎቱን በቱቦ የሚያሳድዱለት ነገር የለውም። የሽማግሌ ቃል ከእኔ ወረቀት ይልቅ እንደሚሰማ እናንተም ታውቃላችሁ።

አዳራሹ እስኪገኝ ድረስ ግን የተጣደው ይውረድ። አንድ ምሽት የሆነ ቤት አልኮል ወይም ጋዝ በጣም ከሸተተ የመብራት ማብሪያ አትንኩ፣ ማብራትም ማጥፋትም አያስፈልግም። ክብሪት አይጫር። መስኮትና በር ይከፈት፣ ልጆች ይውጡ፣ የጋዙ ባሎን ውጭ ካለ ከባሎኑ ይዘጋ፤ ከዚያ ከሕንፃው ውጭ ሆናችሁ 102 ደውሉ። ጎረቤቱን ፈርታችሁ አትዘግዩ፤ ጎረቤቱም ቤቱ እዚያው ነው።

አረቄ የምታወጡ እናቶች ደግሞ በማኅበሩ ቢሮ መጥታችሁ ብትነግሩን ስማችሁ አይመዘገብም። ለማመልከቻው የሚያስፈልገን በሰፈሩ ስንት ሴቶች እንዳሉ፣ በወር ስንት ሊትር እንደምታወጡና ከምን እህል እንደሆነ ነው። ማንበብ የማትችሉ አትፍሩ፤ ዕብራይስጡን እኔ እሞላለሁ፤ ስለ እሳቱና ስለ ድፍድፉ የሚሞላውን ክፍል ግን እናንተ ትነግሩኛላችሁ።